የመዘምራን አለቃዋ ከሄልሲንኪ

በመዝሙረ ዳዊት ከብዙዎቹ መዝሙሮች አናት ላይ «ለመዘምራን አለቃ» የሚል ርእስ ይገኛል። ዕብራይስጡ «ላምናጼአሕ» ይለዋል። ዛሬም በእስራኤል በኦርኬስትራ ፊት ቆሞ ሙዚቃውን የሚመራ ሰው የሚጠራው በዚሁ ቃል «ምናጼአሕ» ተብሎ ነው። ቃሉ በዕለት ተዕለት ንግግር «አሸናፊ» የሚል ትርጉምም አለው። ሴት ስትሆን «ምናጻሐት» ትባላለች። በዓለም ታላላቅ መድረኮች ላይ ግን ሴት የመዘምራን አለቃ ማየት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ብርቅ ነበር።

ይህን ታሪክ በሥራቸው ከለወጡት ሰዎች አንዷ ፊንላንዳዊቷ ሱሳና ማልኪ ናት። በ29 ዓመቷ ቋሚ ሥራዋን ትታ ማንም ዋስትና ወዳልሰጣት ሙያ ገባች። ከዚያ በኋላ በፓሪስ፣ በሚላኖ፣ በኒው ዮርክና በሎስ አንጀለስ የደረሰችበት ደረጃ የሚገርም ነው። ከደረጃው ይልቅ የሚያስተምረው ግን የመጣችበት መንገድ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሪው ምን ይሠራል?

ኦርኬስትራ በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው «ያ ፊት የቆመው ሰውዬ ቀጭን ዘንጉን ባያወዛውዝ ሙዚቀኞቹ መጫወት ያቅታቸዋል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው።

በአንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ውስጥ ከ80 እስከ 100 የሚደርሱ ሙዚቀኞች ይቀመጣሉ። ቫዮሊን የሚጫወት አለ፤ ዋሽንትና መለከት የሚነፋ አለ፤ ከበሮ የሚመታ አለ። በእያንዳንዱ ሙዚቀኛ ፊት የተዘረጋው ወረቀት የራሱን ድርሻ ብቻ የያዘ ነው። ጎረቤቱ ምን እንደሚጫወት ወረቀቱ አይነግረውም። መድረኩም ሰፊ ስለሆነ ከኋላ ያለው ከበሮ መቺ ከፊት ያሉትን የቫዮሊን ተጫዋቾች የሚሰማቸው በጥቂቱ ዘግይቶ ነው። የሰማውን ብቻ ተከትሎ ቢመታ ወደ ኋላ ይቀራል። የሁሉንም ድርሻ በአንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ የሚያየው መሪው ብቻ ነው።

መሪው አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ እጁ የምቱን ፍጥነት ያሳያል። በግራ እጁ ደግሞ «አንተ አሁን ግባ»፣ «እናንተ ዝቅ በሉ»፣ «እዚህ ጋ ከፍ ይበል» እያለ ያለ ቃል ይናገራል። ይሁን እንጂ ዋናው ሥራ የሚሠራው ሕዝብ ከመምጣቱ በፊት በልምምድ ጊዜ ነው። መሪው መጽሐፉን ለብቻው ለሳምንታት ያጠናል፤ ሙዚቃው ምን መምሰል እንዳለበት በጭንቅላቱ ውስጥ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ሙዚቀኞቹን እያስቆመ፣ እያረመና እያስደገመ ወደዚያ ድምፅ ያደርሳቸዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ መሪው ድሩን የሚያስተባብር ሰው ነው።

በኦፔራ ሥራው የባሰ ይከብዳል። ኦፔራ ተዋናዮቹ ከመናገር ይልቅ የሚዘፍኑበት ቲያትር ነው። ኦርኬስትራው ከመድረኩ ፊት ባለ ጉድጓድ መሰል ቦታ ይቀመጣል፤ ዘፋኞቹ ከላይ በመድረኩ ላይ እየተንቀሳቀሱ ይዘፍናሉ። ዘፋኝ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፤ ቃል ሊሳሳት ይችላል፤ ወይም ከተለመደው ፈጠን ሊል ይችላል። መሪው በአንድ ዓይኑ መድረኩን፣ በሌላው ኦርኬስትራውን እያየ ሁለቱ እንዳይለያዩ ሦስት ሰዓት ያህል ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚገርመው መሪው ራሱ አንድም ድምፅ አለማውጣቱ ነው። መቶ ሰው ካልታዘዘለት እጁን በከንቱ ያወዛውዛል። በዚህም ምክንያት ሥራው ከሙዚቃ እውቀት ይልቅ የሥልጣን ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ሥልጣን ደግሞ የወንድ ነው ይባል ነበር። በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የመራችው ቤቱ ከተከፈተ ከ90 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1976 ነው። ያቺ ሴት አሜሪካዊቷ ሳራ ኮልድዌል ነበረች። የቪየና ፊልሃርሞኒክ ደግሞ መምራቱ ቀርቶ ተቀምጦ ለመጫወት እንኳ ሴትን በሙሉ አባልነት የተቀበለው በ1997 ነው።

ትንሽ አገር፣ ብዙ የሙዚቃ መሪ

ፊንላንድ 5.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ቀዝቃዛ የሰሜን አገር ናት። ከ1809 እስከ 1917 ድረስ በሩሲያ ዛር ግዛት ሥር ነበረች። በዚያ ዘመን ፊንላንዳውያን «እኛ የራሳችን ሕዝብ ነን» ብለው ለመናገር ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ቋንቋቸው፣ ሌላው ሙዚቃቸው ነበር። ዣን ሲቤልየስ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ በ1899 ያቀረበው «ፊንላንዲያ» የተባለ ሥራ የነጻነት ምኞታቸው ምልክት ሆነ። ከነጻነት በኋላም ሙዚቃ የሀብታም ቤት ጌጥ ሆኖ አልቀረም። በመንግሥትና በከተማ አስተዳደሮች ገንዘብ የሚደገፉ የልጆች የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ተስፋፉ።

በዋና ከተማዋ በሄልሲንኪ ባለው በሲቤልየስ አካዳሚ ከ1973 እስከ 1993 የሙዚቃ መሪነትን ያስተማሩ ዮርማ ፓኑላ የሚባሉ አንጋፋ መምህር ነበሩ። የእሳቸው ዘዴ ቀላል ነበር። ተማሪውን በመስተዋት ፊት ወይም በፒያኖ ፊት ከማቆም ይልቅ በእውነተኛ ሙዚቀኞች ፊት ያቆሙታል። ሲመራ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ በኋላም ራሱን እያየ ስሕተቱን ራሱ ያገኛል። መምህሩ ብዙ አይናገሩም፤ ነገር ግን የማይረባ የእጅ እንቅስቃሴ አይወዱም።

ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡት ሰዎች ዓለምን ሞሉ። ኤሳ-ፔካ ሳሎነን ከ1992 እስከ 2009 የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክን መራ። ኦስሞ ቫንስካ ከ2003 እስከ 2022 በሚኒሶታ ቆየ። ሳካሪ ኦራሞ በእንግሊዝ የበርሚንግሃምን፣ ከዚያም የቢቢሲን ኦርኬስትራ መራ። ሁሉም ግን ወንዶች ነበሩ።

ከቼሎ ወደ ዘንግ

ሱሳና ማልኪ በሄልሲንኪ በ1969 ተወለደች። በልጅነቷ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማረች፤ በመጨረሻ ግን ልቧ ያረፈው በቼሎ ላይ ነው። ቼሎ በጉልበት መሐል ተይዞ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚጫወቱት፣ ድምፁ የሰው ድምፅ የሚመስል ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ ነው። በ1994 በቱርኩ ከተማ በተካሄደው አገር አቀፍ የቼሎ ውድድር አንደኛ ወጣች። በ1995 ደግሞ በስዊድን የጎተንበርግ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የቼሎ ክፍል መሪ ሆነች።

ይህ ቀላል ቦታ አይደለም። አንድ ቼሎ ተጫዋች ሊመኘው የሚችለው ነገር ሁሉ አለው። ኦርኬስትራው ታዋቂ ነው፤ ሥራው ቋሚ ነው፤ ክብርም አለው። ብዙ ሙዚቀኛ እዚያ ከደረሰ ጡረታ እስኪወጣ አይነቃነቅም።

ማልኪ ግን በሲቤልየስ አካዳሚ ከፓኑላ፣ ከኤስቶኒያዊው ኤሪ ክላስና ከሌፍ ሴገርስታም የሙዚቃ መሪነትን ተምራ ነበር። ቼሎዋን ይዛ በኦርኬስትራው ውስጥ ስትቀመጥ የተለያዩ መሪዎች ከፊቷ ሲፈራረቁ አየች። አንዱ መሪ በአንዲት የእጅ ምልክት መቶውን ሰው ሲያስተባብር፣ ሌላው ደግሞ ብዙ ተናግሮ ምንም ሳያደርግ ሲወርድ ከወንበሯ ሆና የማየት ዕድል ነበራት። ለመሪ የሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም፤ የሚመራ ሰው መመራት ምን እንደሚመስል ማወቅ አለበትና።

በ1998 ወንበሩን ለቀቀች። ዕድሜዋ 29 ነበር። ከፊቷ የሚጠብቃት ቋሚ ኦርኬስትራ አልነበረም። ብትወድቅ ቦታዋን ሌላ ሰው ይይዘዋል።

ማንም ያልተሰለፈበት በር

አዲስ መሪ በዚህ ሙያ የሚገጥመው ችግር አለ። ቤትሆቨንን ወይም ቨርዲን ልምራ ቢል ከፊቱ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው። እነዚያን ሥራዎች ሽማግሌዎቹ መሪዎች ሃምሳ ጊዜ መርተዋቸዋል፤ ሙዚቀኞቹም በቃላቸው ያውቋቸዋል። ጀማሪውን ከነዚያ ጋር ያወዳድሩታል።

ማልኪ በሌላ በር ገባች። በሕይወት ያሉ ደራሲዎች የጻፉትን አዲስ ሙዚቃ መምራት ጀመረች። በ1999 የእንግሊዛዊውን የቶማስ አዴስን ኦፔራ ፊንላንድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረበበት ወቅት መራችው። ከ2002 እስከ 2005 በኖርዌይ የስታቫንገር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የጥበብ መሪ ሆነች።

አዲስ ሙዚቃ ለመሪው እጅግ ከባድ ነው። ያልተቀረጸ ሙዚቃ ስለሆነ «ሌላው እንዴት አደረገው?» ብሎ የሚያዳምጠው ነገር የለም። ምቱ በየመስመሩ ይለዋወጣል፤ ድምፆቹም ለጆሮ እንግዳ ናቸው። ሠላሳ መስመር ያለውን ገጽ አይቶ፣ ገና ማንም ያልሰማውን ድምፅ በአእምሮ መስማት ያስፈልጋል። በልምምድ ጊዜም ደራሲው ራሱ ከኋላ ተቀምጦ ያዳምጣል። «እኔ የጻፍኩት ይህን አይደለም» ሊል ይችላል። በዚህ ሥራ ላይ ዝናም ሆነ ግርማ ሞገስ ጉድለትን አይሸፍንም፤ ወይ ታውቀዋለህ ወይ አታውቀውም።

በ2004 በስዊዘርላንድ በሉሴርን ፌስቲቫል «ኢንሰምብል ኢንተርኮንተምፖራን» የተባለውን የፓሪስ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ መራች። ይህ ቡድን በ1976 በታላቁ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲና መሪ በፒየር ቡሌዝ የተመሠረተ ነው። 31 ሙዚቀኞች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መድረክ የሚሞሉ ናቸው። በአዲስ ሙዚቃ ከዓለም አንደኛ ከሚባሉት ውስጥ ስለሚቆጠሩ ስሕተት አያመልጣቸውም። ማልኪን አዩና ፈለጓት። በ2006 የቡድኑ የሙዚቃ ዳይሬክተር ሆነች፤ በዚያ ቦታ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እስከ 2013 ድረስ መራቻቸው።

በ2011 ደግሞ የሚላኖው ላ ስካላ ጠራት። ላ ስካላ በ1778 የተከፈተ፣ ጣሊያኖች እንደ ቅርስ የሚሳሱለት የኦፔራ ቤት ነው። ከቨርዲና ከፑቺኒ ኦፔራዎች አንዳንዶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰሙት በዚያ ነው። ማልኪ የመራችው የጣሊያናዊውን የሉካ ፍራንቼስኮኒን «ኳርቴት» የተባለ አዲስ ኦፔራ ነበር፤ በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ዘፋኞቹ ሁለት ብቻ ናቸው። በጉድጓዱ ውስጥ ካለው አነስተኛ ኦርኬስትራ ሌላ አስቀድሞ የተቀረጸ የብዙ ሙዚቀኞችና የመዘምራን ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይመጣል። መሪዋ ሕያዉንና የተቀረጸውን ማገናኘት ነበረባት። ላ ስካላ ከተከፈተ ከ230 ዓመት በኋላ በዚያ ቤት አንድ ኦፔራ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

የ2014 ሁለት ዜናዎች

በ2014 ከፊንላንድ ሁለት ዜናዎች ወጡ።

የመጀመሪያው ከአንጋፋው መምህር ከዮርማ ፓኑላ ነበር። በአገራቸው ቴሌቪዥን ስለ ሴት መሪዎች ተጠይቀው፣ ለሴት የሚስማማት «የሴት ባሕርይ» ያለው ሙዚቃ ነው፤ ደቡሲን ቢመሩ ምንም አይደለም፤ የብሩክነርና የስትራቪንስኪ ሥራዎች ግን ለእነሱ አይሆኑም የሚል አስተያየት ሰጡ። ንግግራቸው በሙዚቃው ዓለም ትልቅ ክርክር አስነሣ። ማልኪ የእሳቸው ተማሪ ነበረች። በዚያን ጊዜ ፓሪስንና ላ ስካላን አልፋ ነበር።

ሁለተኛው ዜና በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ወጣ። የሄልሲንኪ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ሱሳና ማልኪን ዋና መሪው አድርጎ መረጠ። ይህ ኦርኬስትራ በ1882 የተመሠረተ ሲሆን በሰሜን አውሮፓ አገሮች ካሉት ሙያዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራዎች ሁሉ አንጋፋው ነው። ከሲቤልየስ ሲምፎኒዎች አብዛኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰሙት በእሱ ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ዋና መሪዎቹ ሁሉ ወንዶች ነበሩ።

ማልኪ በቃለ መጠይቅ ስለ ሴትነቷ ከማውራት ይልቅ ስለ ሙዚቃው ማውራት እንደምትመርጥ የታወቀ ነው። በ2016 ሥራዋን ጀምራ እስከ 2023 በሄልሲንኪ ቆየች። ከኦርኬስትራው ጋር የሃንጋሪያዊውን የቤላ ባርቶክን ታላላቅ ሥራዎች አስቀርጻለች። ከነዚህ ውስጥ «የብሉቤርድ ግንብ» የተባለው ኦፔራ ለአሜሪካው የግራሚ ሽልማት ታጭቶ ነበር። ባርቶክ የለዘብተኛ ሙዚቃ ደራሲ አይደለም፤ ኃይለኛና ሸካራ ነው። ለአስተያየቱ ከዚህ የተሻለ መልስ የሚገኝ አይመስልም።

ከባሕር ማዶ ያለ ፍቅር

በታኅሣሥ 2016 ማልኪ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘንግ አነሣች። በዚያ ቤት ታሪክ የመራች አራተኛዋ ሴት ነበረች። ይዛው የሄደችውም ኦፔራ የአገሯ ልጅ የካይያ ሳሪያሆ ሥራ ነው። ሳሪያሆ በ1952 በሄልሲንኪ ተወልዳ በፓሪስ የኖረች የሙዚቃ ደራሲ ናት። ሜትሮፖሊታን ከዚያ በፊት የሴት ደራሲ ኦፔራ ያቀረበው በ1903 ነበር፤ 113 ዓመት አልፎታል።

የኦፔራው ስም «የሩቅ ፍቅር» ማለት ነው። ግጥሙን የጻፈው በሊባኖስ የተወለደው አሚን ማሉፍ ነው። ታሪኩ የሚናገረው በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይ ይኖር ስለነበረ አንድ ባለቅኔ ነው። ከባሕር ማዶ በትሪፖሊ ስለምትኖር አንዲት እመቤት ከአንድ መንገደኛ ይሰማል። አይቷት አያውቅም፤ ነገር ግን ለእሷ ግጥም እየገጠመ ይኖራል። መንገደኛው በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ወሬ ያደርሳል። በመጨረሻ ባለቅኔው ባሕሩን ለመሻገር ይነሣል። በጉዞው ይታመማል፤ የናፈቀው አገር ሲደርስ ለሞት ተቃርቦ ነው፤ በእመቤቲቱ እቅፍ ውስጥ ያርፋል። እሷም ለምን ብላ ከፈጣሪዋ ጋር ትሟገታለች። ሩቅ አገር ናፍቆ መንገድ የጀመረ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል።

ሙዚቃው እንደ ባሕር ማዕበል ቀስ እያለ የሚነሣና የሚወርድ ነው። ጮክ ብሎ የሚመታ ነገር ብዙ የለውም። እንዲህ ዓይነቱን ሙዚቃ መምራት ጥበብ ይጠይቃል፤ መሪው ትንሽ ቸኩሎ ቢገፋው ይደፈርሳል፤ ቢዘገይ ደግሞ ይሞታል።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ማልኪ በደቡብ ፈረንሳይ በኤክስ ኦን ፕሮቫንስ ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር የሳሪያሆን የመጨረሻ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማች። ርእሱ «ንጽሕና» ሊባል ይችላል። በሄልሲንኪ በሚደረግ አንድ ሠርግ ይጀምራል። ከአሥር ዓመት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪዎች በጥይት ተገድለዋል፤ የሙሽራው ቤተሰብ ደግሞ ከገዳዩ ጋር ዝምድና እንዳለው ደብቋል። በሠርጉ ላይ ከሚያስተናግዱት ሴቶች አንዷ ልጇ የተገደለባት እናት ናት። ኦፔራው በዘጠኝ ቋንቋ የሚቀርብ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ሐዘኑን በገዛ ቋንቋው ይናገራል። ሳሪያሆ በሰኔ 2023 ዐረፈች። ሥራዋን ወደ ሜትሮፖሊታንና ወደ ኤክስ መድረክ ያደረሰችው እጅ የማልኪ ነበረች።

የመሪ ኑሮ

የአንድ ዓለም አቀፍ መሪ ሕይወት ከውጭ ሲታይ የሚያስቀና ይመስላል፤ ውስጡ ግን በሻንጣ ላይ የተመሠረተ ነው። የአንድ ኦርኬስትራ «ዋና መሪ» ማለት ዓመቱን ሙሉ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ማለት አይደለም። በየዓመቱ በውል የተወሰኑ ሳምንታትን ይመጣል፤ የሚቀርበውን ሙዚቃ በመምረጥና አዳዲስ ሙዚቀኞችን በመቅጠር ላይ ድምፅ አለው። «ተጋባዥ መሪ» ደግሞ ለአንድ ሳምንት ያህል ይመጣል። ጥቂት ቀን ይለማመዳል፤ ሁለት ሦስት ምሽት ይመራል፤ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ይበራል። በዚያች አጭር ጊዜ ስማቸውን የማያውቃቸውን መቶ ሰዎች ማሳመን አለበት። ኦፔራ ሲሆን ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ መጀመሪያ ከዘፋኞች ጋር በፒያኖ፣ ቀጥሎ ከኦርኬስትራው ጋር፣ በመጨረሻም ሁሉም በአንድ ላይ ይለማመዳሉ።

ማልኪም በሄልሲንኪ እያለች በፖርቱጋል ሊዝበን የጉልበንኪያን ኦርኬስትራ ዋና ተጋባዥ መሪ ነበረች። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ይኸው ማዕረግ በሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ተሰጣት፤ እዚያም ለዚህ ቦታ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። «ሙዚካል አሜሪካ» የተባለው አንጋፋ የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የ2017 የዓመቱ መሪ ብሎ ሰይሟታል።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። አሜሪካዊቷ ማሪን ኦልሶፕ በ2007 የባልቲሞር ኦርኬስትራ የሙዚቃ ዳይሬክተር ሆነች፤ በ2013 ደግሞ የለንደኑን የፕሮምስ የመዝጊያ ምሽት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከፊንላንድም አዲስ ትውልድ ተነሥቷል፤ ሴቶችም በመካከሉ አሉ። የኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ሴት መሪ ስትገባ እንደ ድሮው እርስ በርስ አይተያዩም። የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፉን አጥንታ መጥታለች ወይስ አላጠናችም?

ማልኪ በ2023 የሄልሲንኪን ቦታ ስትለቅ ኦርኬስትራው የክብር ዋና መሪነት ማዕረግ ሰጣት። «የመጀመሪያዋ ሴት» የሚለው ቃል በሕይወት ታሪኳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ ፓሪስ፣ ሚላኖ፣ ሄልሲንኪ፣ ሎስ አንጀለስ። በሩን የከፈተላት ግን ይህ ቃል አይደለም። ሌሎች የሸሹትን አስቸጋሪ ሙዚቃ ተምራ መምጣቷ ነው። በጎተንበርግ የቼሎ ወንበር ላይ ብትቀር ኖሮ መልካም ሙዚቀኛ ሆና ትኖር ነበር፤ የመዘምራን አለቃ ግን አትሆንም ነበር።